ያረጀ ሮለር ኮስተር ለመጠገን ስንት ወር ይበቃል?

«ድሬዳዋ ያለ የልጆች ሮለር ኮስተር (ዳገት ቁልቁለት የሚሄድ የመዝናኛ ባቡር)፣ 5 ፉርጎ፣ 3 ዓመት የቆመ። ሰኔ ላይ ጀምረን ለእንቁጣጣሽ እናደርሰዋለን?» ላላችሁት፣ አቦ ቀለም ብቻ ከሆነ ይደርሳል። ልጅ የሚጫንበት ከሆነ ግን ለገና አስቡት፤ 6 ወር ገደማ ነው።

ጊዜውን የሚበላው ጎማው ነው። በፉርጎው 4 ማዕዘን ከላይ፣ ከጎንና ከሥር አንዳንድ ጎማ ካለ ባቡሩ 60 ጎማ አለው፤ በጎማ 2 ኩሽኔታ ከሆነ ደግሞ 120። ኩሽኔታው ላይ ያለው ቁጥር ከተነበበ ገበያ ላይ ይፈለጋል። የጎማው ፖሊዩሪቴን (ብረቱን የሸፈነው ፕላስቲክ) ግን በድሬ ፀሐይ ይደርቃል፤ ቆሞ ስለከረመም ሐዲዱን የነካው ጎኑ ይደፈጠጣል። ጠርዙን በጥፍር ስትገፉት ከብረቱ ከተላቀቀ አልቆለታል። አዲሱ ታዝዞ፣ ተሠርቶ፣ በጅቡቲ እስኪገባ 3 ወር ቢፈጅ አይግረማችሁ፤ ስለዚህ መፍታት ሳትጀምሩ ለክታችሁ እዘዙ። ቶርኖ ቤት ከሌላ ፕላስቲክ እናስቆርጥ የሚል አይጠፋም፤ ጥንካሬው ከተለየ ንዝረቱ ወደ ፔርኖውና (ጎማውን የያዘው ፒን) ወደ ብየዳው ይዞራል።

ጎማው እስኪመጣ ስንጥቅ ፈልጉ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ መጀመሪያ ብረቱን በአሸዋ ያስነፋዋል፤ አሸዋው የብረቱን ገጽ ቀጥቅጦ የስንጥቁን አፍ ይደፍነዋል። የብየዳ መጋጠሚያውንና ፔርኖውን በቀለም ማስለቀቂያ ላጡ፣ ቀዩን መመርመሪያ ቀለም ንፉበት፣ 20 ደቂቃ ጠብቁ፣ በጨርቅ ጥረጉ (ማጠቢያውን በቀጥታ አትርጩበት፣ ከስንጥቁ ውስጥ ያወጣዋል)፣ ከዚያ ቀዩን ስቦ የሚያወጣውን ነጩን ንፉ። ስንጥቅ ካለ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀይ መስመር ብቅ ይላል። የተሰነጠቀ ፔርኖ አይበየድም፣ ይጣላል። የሐዲዱ ብየዳ ላይ ከሆነ ስንጥቁ እስኪጠፋ በሞላ (በግራይንደር) ይፈለፈላል፣ እንደገና ይመረመራል፣ ከዚያ ነው የሚበየደው።

ባቡሩን ዳገት የሚጎትተው ካቴና አዲስ እያለ 1 ሜትር የነበረው 1 ሜትር ከ3 ሳንቲም ከሆነ ቀይሩት። ዳገቱ ላይ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘውን ጥፍርም አብራችሁ እዩ፤ ጫፉ ከዶለዶመ ይንሸራተታል። ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ከሆናችሁ የምሰሶዎቹን እግር አስቆፍሩ፤ ጎርፍ ከኮንክሪቱ ሥር አፈር ጠርጎ ሊሄድ ይችላል። ቀለሙን በማለዳ ቀቡ፤ ቀትር ላይ ብረቱ ስለሚግል ሳይጣበቅ ይደርቃል።

ለሙከራው 2 ሳምንት ተዉ፤ በየወንበሩ የአሸዋ ከረጢት አስራችሁ። ፍሬኑን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብቻ አስተካክላችሁ እንዳትተዉት። 8 ሰዓት ላይ ግሪሱ ቀጥኖ ባቡሩ ስለሚፈጥን፣ ጠዋት በልኩ የቆመው ባቡር ከሰዓት መቆሚያውን አልፎ ይሄዳል።