«ለምንድን ነው እንዲህ የምታደርጉት?» ለምትባሉ ልጆች

ይድረስ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ወጣቶች፤ በተለይ ጀልባ ላይ ቆማችሁ እንግዳ ለምታስጎበኙ፣ ስልካችሁን ደቅናችሁም የእናቶቻችሁን ሥራ ለምትቀርጹ።

እንደምን ሰነበታችሁ?

እንግዳ የሚጠይቃችሁ ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ነው። ቄጠማው ለምን ተጎዘጎዘ? ቡናው ለምን ሦስት ጊዜ ይቀዳል? እንስራው ለምን ይታጠናል? መልሳችሁም አፋችሁ ላይ ነው፤ «ከሦስት ሺህ ዓመት ጀምሮ የመጣ ባህላችን ነው፤ የፍቅርና የአንድነት መገለጫ ነው።» መልሱ አያስነቅፍም፤ ነገር ግን ስለ ጠላም፣ ስለ ቡናም፣ ስለ እድርም ቢነገር እኩል ያስኬዳል። ስለ ሁሉም የሚነገር ነገር ደግሞ ስለ አንዱም አልተናገረም።

ጥያቄውን ለሦስት ክፈሉት። እንዴት ይሠራል? ምን ማለት ነው ይባላል? ከመቼ ጀምሮ ነው? የመጀመሪያውን የምታገኙት ከሠሪዋ እጅ ነው። ሁለተኛውን ከአዛውንትና ከካህናት። ሦስተኛውን ከታሪክ መጻሕፍት፣ አንዳንዴም ከዕቃው ከራሱ። ሦስቱን አንድ ላይ ስታቦኩት ነው ፈጠራ የሚገባው። እኔ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው እንድትጀምሩ እፈልጋለሁ፤ ትርጉሙን በቃላችሁ የያዛችሁት ሁሉ አሠራሩን ስትጠየቁ ትንተባተባላችሁና።

ቡናን እንውሰድ። ለስድስት ሰው አንድ ሲኒ ሙሉ ጥሬ ቡና፣ ማለትም 50 ግራም ገደማ፣ ይበቃል። መጀመሪያ ይለቀማል፤ አንዲት የገማች ፍሬ ጀበናውን ሙሉ ታበላሻለች። ከዚያ በብረት ምጣዱ ላይ ትንሽ ውሃ ተደርጎ በመዳፍ እየታሸ ይታጠባል። ይህ ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ ፍሬው ላይ የተጣበቀው ስስ ገለባ ካልወጣ ቀድሞ ያርርና ጭሱ ይመራል። ከሰሉ ሲጋጋል ሳይሆን ነበልባሉ አልፎ ፍሙ ሲቀላ ይጣዳል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማመስ ነው። በመሃል ፍሬው ጠሽ ጠሽ ማለት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ዓይን ከምጣዱ አይነሳም፤ ቡናማው ወደ ጥቁር የሚሻገረው በጣም ፈጥኖ ነው። 50 ግራሙ ሲወርድ 42 ገደማ ሆኖ ነው፤ የጎደለው በአብዛኛው በእንፋሎት የሄደ ውሃ ነው። የተቆላው ቡና ከነምጣዱ ተይዞ በእንግዶቹ ፊት ሲዞር፣ እነሱም ጭሱን በእጃቸው ወደ ፊታቸው ሲስቡ አይታችኋል። በረከት መቀበል ነው የሚሉ አሉ፤ ነውም ይሆናል። ግን ሌላም ነገር አለበት፤ ቡናው ዛሬ፣ አሁን፣ ለናንተ መቆላቱን ማሳየት ነው። ያደረ ዱቄት ለእንግዳ አይቀርብም።

ጀበናው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አዲስ ጀበና ከገበያ እንደመጣ አይፈላበትም፤ ይሟሻል። በቡና አተላና በውሃ ደጋግሞ ማፍላት ነው፤ የሸክላው ቀዳዳ እስኪደፈንና የአፈር ጣዕሙ እስኪለቅ። ሳይሟሽ የተጣደ ጀበና ያንጠባጥባል፤ ቡናውም ጭቃ ጭቃ ይላል። ከእሳት የወረደ ትኩስ ጀበና ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም መሰንጠቂያው ነው፤ ለቶና የሚጨመረው ውሃ ቢያንስ ለብ ያለ ይሁን። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ሲገነፍል ትንሽ ወደ ሲኒ ቀንሶ መመለስ፣ ከዚያ ማቶቱ ላይ ጋደም አድርጎ አምስት ደቂቃ ማስከን ያስፈልጋል። ቸኩላችሁ ከቀዳችሁ እንግዳው ቡና ሳይሆን አተላ ይጠጣል።

አሁን «ለምን ሦስት?» ወደሚለው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚወጡት ከአንዱ ዱቄት ነው፤ በየዙሩ ውሃ ይጨመራል እንጂ ቡና አይጨመርም። አቦሉ ወፍራም፣ ቶናው መካከለኛ፣ በረካው ቀጭን የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ለልጅ በረካ የሚፈቀደውም ለዚሁ። ቡና ውድ ነገር ነበር፣ ከውዱ ነገር የመጨረሻውን ጠብታ ማውጣት ደግሞ የባለሙያ ሴት ወግ ነው። የዙሩ መርዘም ጨዋታውን ያረዝማል፤ የጎረቤት ወሬ፣ የታመመ ጥየቃ፣ የተጣላ ማስታረቅ በዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ያልቃል። በረካ የሚለው ቃል በዓረብኛ በረከት ማለት ነው፤ ከግእዙ «ባረከ» ጋርም ዘመዳሞች ናቸው። ሲኒ ራሱ በዓረብኛ «የቻይና» ማለት ነው፤ ሸክላው ጀበና የኛ ሴቶች እጅ ሥራ ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው የሚቀዳበት ሲኒ ግን ስሙን ከሩቅ ምሥራቅ ዕቃ ያገኘ እንግዳ ነው። ቃላቱን ብቻ ብትከተሉ ከረከቦቱ ተነስታችሁ ቀይ ባሕርን ትሻገራላችሁ።

ዘመኑስ? እዚህ ላይ ነው «ሦስት ሺህ» የምትለዋ ቁጥር የምታሳፍራችሁ። በእኛ በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ካህናት ቡናን ለረጅም ዘመን ያወግዙ ነበር፤ የእስላም መጠጥ ነው፣ ባዕድ አምልኮ አለበት ይባል ነበር። ይህ የላላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ በዳግማዊ ምኒልክና በአቡነ ማቴዎስ ዘመን ነው። በጎጃምና በጎንደር ክርስቲያን ቤት የምናየው የሦስት ዙር ሥርዓት እንግዲህ እንደምንለው ጥንታዊ ሊሆን አይችልም። ስኳሩማ ከዚያም ያነሰ ዕድሜ አለው፤ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከዚያ በፊት፣ በገጠሩ ዛሬም ጭምር፣ ጨው ነው የሚጨመረው። ለእንግዳ ስኳር እያቀረባችሁ «እንደ ጥንቱ» አትበሉ።

ይህን ስትሰሙ ቅር አይበላችሁ። ወጥ ውስጥ ያለው በርበሬም ዝርያው ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው፤ ከኮሎምበስ በፊት በዚህ አገር በርበሬ የሚባል አልነበረም። ያም ሆኖ በርበሬ ያለኛ ማንም እንዲህ አድርጎ አይደልዘውም። ልማድ የኛ የሚሆነው በዕድሜው ሳይሆን በያዝነው አያያዝ ነው።

ግን ዘጌን አትርሱ፤ ነገሩን የሚያወሳስበው እሱ ነው። በትውፊቱ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ተክለው አንዱ ቁራጭ ቡና፣ አንዱ ጌሾ ሆኖ በቀለ ይባላል። ካህናቱ ይህን ለ14ኛው ክፍለ ዘመን ይሰጡታል። በዘጌ በሬ ጠምዶ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም፤ ቃል ኪዳን ነው ይላሉ። ታዲያ ቡና የተወገዘ ከሆነ የገዳም ሰው እንዴት ቡና ተከለ? እንግዳ ይህን ቢጠይቃችሁ አትደንግጡ። መትከል ሌላ፣ መጠጣት ሌላ ነው፤ ቡና የሚሸጥ የሚለወጥ ሸቀጥ ነበር። የቃል ኪዳኑንም ትርጓሜ እንደ ትርጓሜ ንገሩ፣ ከዚያ የሚያስከትለውን በዓይናቸው አሳዩዋቸው፤ ማረሻ ስላልገባ ዛፉ አልተመነጠረም፣ ዛፉ ስላልተመነጠረ ቡናው ጥላ አገኘ። ከባሕር ዳር ወጥታችሁ በዙሪያው ያለውን የተራቆተ ኮረብታ ካያችሁ በኋላ ዘጌ ስትደርሱ ልዩነቱ ማብራሪያ አያሻውም።

ከዚያው በትር የበቀለው ጌሾ ወደ ጠላ ይወስደናል። ጠላ ላይ «ለምን?» ሁሉ መልስ አለው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይፈተጋል፤ ከዚያ በወይራ ጭስ ላይ ተደፍቶ ይታጠናል። ጭሱ ለመዓዛ ነው ትላላችሁ፤ አዎ፣ ነገር ግን ካለፈው ጠላ በሸክላው ቀዳዳ ተደብቆ የቀረውን አኮምጣጭም ያዳክማል። ያልታጠነ ጋን ጠላውን በሦስተኛው ቀን ሆምጣጤ ያደርገዋል። ብቅሉ ገብስ ነው፤ አንድ ቀን ተነክሮ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ሦስት ቀን ያህል እስኪያቆጠቁጥ ይቆያል፣ ከዚያ በፀሐይ ይደርቃል። በፀሐይ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በእሳት የደረቀ ብቅል ጉልበቱን ያጣል፤ የዱቄቱን ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይረው ነገር በኃይለኛ ሙቀት ይሞታልና፤ ጠላውም ዝልፍልፍ ይላል። የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ተዘፍዝፎ ሁለት ሦስት ቀን ይጠነሰሳል፤ ብቅሉ፣ ቂጣውና እንኩሮው ይገባና ድፍድፍ ይሆናል፤ ከቀናት በኋላ በውሃ ተሞልቶ አፉ ይመረጋል። ጌሾው ምሬት ብቻ አይደለም፣ ማኮምጠጡን የሚያዘገይ ጠባቂ ነው። የተመረገው በደንብ ካልተመረገ ግን ጌሾም አያድነውም፤ አየር ገባ ማለት ኮመጠጠ ማለት ነው። ጠማቂዋ «ዓይን እንዳያየው» ብላ ጋኑን ጥግ ስታስቀምጥ አትሳቁባት። ጥጉ ቀዝቃዛና ጨለማ ነው፤ ማንም በየጊዜው እየከፈተ አይቀምሰውም። ምክንያቷ ሌላ ቢሆንም ሥራዋ ትክክል ነው።

ሁሉ ነገር እንዲህ በሙያ ይፈታል ብላችሁ ደግሞ እንዳትሳሳቱ። ቄጠማን እዩ። በበዓል ቀን ቤት ሲጎዘጎዝ አቧራ ይይዛል፣ ቤት ያቀዘቅዛል፣ ይሸታል፤ ከሐይቁ ዳር በቀላሉ ይታጨዳል። በዚህ ብቻ ካቆማችሁ ግን ቅዳሜ ስዑር ዕለት ካህናት በየቤቱ እያዞሩ የሚሰጡትን፣ ምእመኑ በራሱ ላይ የሚያስረውን ቀጤማ አልገባችሁም። እሱ አቧራ አይይዝም፤ ምልክት ነው። ርግብ ለኖኅ የውሃውን መጉደል ያበሰረችበትን ለምለም ቅጠል ያስታውሳል፤ ካህናቱም ይህንኑ ነው የሚነግሯችሁ። አንድ ሣር፣ ሁለት ሥራ። የገዳማቱም ሥርዓት እንደዚሁ ነው፤ ክብራን ገብርኤል ሴት ለምን አይገባም ሲሏችሁ ከራሳችሁ ምክንያት አትፍጠሩ፤ የአባቶችን መልስ የአባቶች ነው ብላችሁ አድርሱ።

እድርን በአጭሩ፤ ጥንታዊ ሳይሆን የከተማ ልጅ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሰው ከዘመድ ርቆ ከተማ ሲገባ፣ ቀባሪ እንዳያጣ የተፈጠረ ነው። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ የመዝገቡን ደብተር እዩ፤ ከደብተሩ ብዙ ትማራላችሁ።

ታንኳ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጣና ነውና። እንግዳ ሲያየው ወዲያው «የግብፅ ፈርዖኖች!» ይላል፣ እናንተም ትስማማላችሁ። መመሳሰል ግን የዝምድና ማስረጃ አይደለም፤ ደንገል ባለበት ውሃ ዳር ሁሉ ሰው ደንገል አስሮ ይንሳፈፋል። ይልቅ አሠራሩን አሳዩ። የበሰለ ደንገል ታጭዶ ለቀናት በፀሐይ ይደርቃል፤ እርጥቡ ከባድ ነው፣ በጣም የደረቀው ደግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል። ጠቅል ጠቅል ተደርጎ በገመድ ወይም በልጥ ጠፍንጎ ይታሰራል፤ ፊቱ ሽቅብ ይቆለመማል፣ ሞገዱን እንዲወጣበት። ከላይ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይገባል፤ ጭነቱ ከውሃው ከፍ እንዲል። የሚሰምጠው በቀዳዳ አይደለም፤ ቀዳዳማ ነውና ቀስ በቀስ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ለዚህ ነው ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ ቆሞ የሚደርቀው። እንዲያም ሆኖ ከጥቂት ወራት አያልፍም። ባለታንኳዎች ማለዳ የሚወጡትም የልማድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ የጣና ንፋስ ይነሳል፣ እንጨት የጫነ ታንኳ ደግሞ የጎን ሞገድ አይችልም።

ይህን ሙያ ለዘመናት ይዘው የኖሩት በተለይ የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ስማቸውን ጥሩ። ለዘመናት አብሯቸው ማዕድ ያልቆረሰ ጎረቤት ዛሬ ታንኳቸውን በፖስተር ላይ «የኛ» ብሎ ሲለጥፍ ዝም አትበሉ። ደንገሉም እየቀነሰ ነው፤ ዳሩ ለእርሻ ይመነጠራል፣ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም እምቦጭ ውሃውን ይዞታል። ደንገል ከሌለ የታንኳ ባህል የሚባል ነገር በቪዲዮ ብቻ ይቀራል።

አሁን መጠየቂያውን ልንገራችሁና ላብቃ። እናት ቤት ስትሄዱ ባዶ እጅ አትሂዱ፤ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና ይበቃል። «እማማ» በሉ፣ መነኩሲት ከሆኑ «እማሆይ»። ስልኩን ገና ከበር አታውጡ። ሲቆሉ «ለምን?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ዓይናቸው ምጣዱ ላይ ነው፣ ለናንተ ብለው ቀና ካሉ ቡናው ያራል፣ እናንተም ተወቃሽ ናችሁ። እስከዚያ ቁጠሩ፤ ስንት እፍኝ፣ ስንት ጊዜ ገነፈለ፣ መጀመሪያ ለማን ተቀዳ። «ትርጉሙ ምንድን ነው?» የሚለውም አይመልስም፤ «ባህል ነዋ» ይሏችኋል። «ይህ ቢቀርስ ምን ይሆናል?» በሏቸው፤ «ሳይታጠን ቢጠነሰስስ? ሁለት ዙር ብቻ ቢቀዳስ?» ያኔ ይናገራሉ። ለዚህ ጥያቄ ጊዜው በረካ ሲቀዳ ነው፤ እሳቱ በርዷል፣ እጃቸው ነጻ ሆኗል፣ የሚቸኩለውም ሰው ሄዷል።