የነዳጅ ማጣሪያው ነዶ ጠላት የነዳጅ ታንኩን ሞልቶ ሲነሳ

ወንድሜ፣ ስለ ኦንላይን የአውሮፕላን ውጊያ ጨዋታ የጠየቅከው ባጭሩ «የጠላትን ፋብሪካና የነዳጅ ማጣሪያ ለመደብደብ 40 ደቂቃ እበራለሁ፣ ግን ጨዋታው ላይ ምንም አይለወጥም፤ ምን ቢደረግ ይሻላል?» ነው። እኔ ሦስት ዓመት ቦምብ ጣይ ብቻ ነው ያበረርኩት። ወድጄ አይደለም። ከአዲስ አበባ ፒንጌ (ትእዛዜ ጨዋታው የሚካሄድበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) ከ200 ሚሊሰከንድ አይወርድም፤ በዚህ ፒንግ ተዋጊ አውሮፕላን ይዞ መታኮስ ራስን ማዋረድ ነው።

አንድ ማታ ሦስት ሆነን የጠላትን ማጣሪያ ድምጥማጡን አጠፋነው። ጭሱ ገና ከኋላችን እየታየ፣ ባላጋራችን ታንኩን ጢም አድርጎ ሞልቶ ተነስቶ ለቀመን። ነጥብ አገኘን፤ በቃ።

ብዙ ሰው መፍትሔው የነጥቡን መጠን መጨመር ይመስለዋል። አይደለም። ድብደባው የጠላት ነዳጅ መለኪያ ላይ መድረስ አለበት።

ታሪኩም ይሄንኑ ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1943 አሜሪካኖች በጀርመኗ ከተማ ሽቫይንፉርት ያሉትን የኩሽኔታ ፋብሪካዎች ሲደበድቡ 60 ቢ-17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች አጡ። ጀርመኖች ግን ክምችት ነበራቸው፣ ምርቱንም በየቦታው በተኑት፤ አውሮፕላን መሥራቱ አልቆመም። በ1944 ፊታቸውን ወደ ነዳጅ ሲያዞሩ ነው ነገሩ የተለወጠው። በአፕሪል 175 ሺህ ቶን ገደማ የነበረው የአውሮፕላን ነዳጅ ምርት በጁላይ ወደ 30 ሺህ ወረደ። አውሮፕላኑ አለ፣ ማብረሪያና አዲስ ፓይለት ማሠልጠኛ ነዳጅ ግን የለም።

በራሳችን ሰርቨር ሞክረነዋል። ማጣሪያው ሲመታ የፊት መስመር አየር ማረፊያዎች የአውሮፕላን ታንክ የሚሞሉት እስከ 25 በመቶ ብቻ እንዲሆን አደረግን። ሰዉ ተናዶ በ20 ደቂቃ ውስጥ ውልቅ አለ። ወደ 60 በመቶ ከፍ ስናደርገው ግን ጨዋታው ነፍስ ዘራ። ቅጣቱም ወዲያው አይመጣም፤ ክምችቱ እስኪያልቅ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ተከላካዩ በዚህ መሃል ነዳጅ በማመላለሻ አውሮፕላን ማምጣት ይችላል፣ እኛም መንገድ ላይ እንጠብቀዋለን። የማመላለሻው ሥራ እንደዚህ ይወደዳል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

ይሄን ደንብ ይዘን ስንጫወት አንድ ቀን አንድ የጠላት ተዋጊ ከጭራዬ ተጣብቆ አንድ ሞተሬን አቃጠለ። «አለቀልኝ» ስል ድንገት ዞሮ ሄደ። በኋላ ለምን እንደተወኝ ብጠይቀው «የአራት ደቂቃ ነዳጅ ነበር የቀረኝ፤ አንተን ብከተል ነዳጄ አልቆ ጫካ ወይ እርሻ ላይ ነበር የማርፈው» አለኝ።

የምትጫወቱበት ሰርቨር የእናንተ ከሆነ ከ60 ጀምሩ።