ቀድሞ የሚወጣው ማን ነው?

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት መርከብ ሆድ ውስጥ፣ ሞተር ክፍል ነው። ምከረን ስትሉኝ ትዝ የሚለኝ አንድ ወደብ ነው፤ አፒያ። ፓስፊክ መሃል ያለችው የሳሞአ ዋና ከተማ ናት። ወደቧ አፉን ወደ ሰሜን ከፍቷል። ግራና ቀኙ ኮራል ነው፤ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የገነቡት አለት። ኮራል የወንዝ ውሃ ስለማይወድ፣ የቫይሲጋኖ ወንዝ በሚገባበት በኩል ጠባብ በር ቀርቷል። ነፋሱ ከሰሜን ከመጣ በሩ ወጥመድ ነው።

እ.ኤ.አ. በማርች 1889፣ እኛ አገር አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሳምንት ሳይሞላ፣ እዚያ ሰባት የጦር መርከቦች ቆመው ነበር። ሦስት የአሜሪካ፣ ሦስት የጀርመን፣ አንድ የእንግሊዝ። ደሴቶቹ የማን ይሁኑ ብለው ተፋጠዋል። የአየር ግፊት የሚለካው ባሮሜትር ወረደ፤ ማዕበል ሊመጣ ነው ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወደ ሰፊው ባሕር መሸሽ እንደሚሻል ካፒቴኖቹ አይጠፋቸውም። ግን ቀድሞ የወጣ ሜዳውን ለቀቀ ሊባል ነው! ተያይተው ቀሩ።

አትሳቁባቸው። እኔም በ27 ዓመቴ የአንድ ፓምፕ ድምፅ ሲለወጥ ሰምቼ፣ አለቆቼ ዝም ስላሉ ዝም አልኩ። ባሕር መሃል ሁለት ቀን ያለ ሞተር ተንሳፈፍን። ያኔ መናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

አፒያ ላይ ስድስቱ ወይ ተሰባበሩ፣ ወይ ዳርቻው ላይ ወጡ። የጀርመኑን አድለር ማዕበሉ አንስቶ ኮራሉ ላይ በጎኑ አጋደመው። ወደ 150 መርከበኛ አለቀ። የወጣው የእንግሊዙ ካላዮፒ ብቻ ነው። 15 ኖት ገደማ፣ ማለትም በሰዓት ወደ 28 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መርከብ፣ ሞተሩ እስከ ጥግ ተከፍቶ፣ አንድ ኖት እንኳ በጭንቅ ነበር የሚሄደው። በአሜሪካኑ ትሬንተን አጠገብ ታክኮ ሲያልፍ፣ የሞተራቸው እሳት በውሃ የጠፋባቸው አሜሪካኖች በጩኸት አበረታቱት።

ስለ ካፒቴኑ ኬን ብዙ ተብሏል። እኔ ግን ልቤ ታች ነው፤ ጭሱና ሙቀቱ ውስጥ አካፋ ይዘው ከሰል የሚያጎርሱት ጋ። ከሰሉ የኒውዚላንድ ዌስትፖርት ነበር፣ ጥሩ ከሰል። የተጫነው ሰማዩ ገና ጥርት ብሎ ሳለ ነው። እናንተም ሙያችሁን አሁን፣ ማንም ሳያያችሁ ጫኑ።

ሳሞአኖቹስ? ማዕበሉ ውስጥ እየገቡ መርከበኞቹን ጎትተው አወጡ። ከሦስት ወር በፊት የተዋጓቸውን ጀርመኖች ጭምር።