ፈትሉ የእኛ፣ ዋጋው የነጋዴው

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

የምጽፍልዎ ከመንዝ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ። ከጎረቤቶቼ ጋር የበግ ፀጉር እየፈተልን ምንጣፍና ባና እናሠራለን። ሥራው አለ፤ ገንዘቡ ግን እጃችን አይገባም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ነጋዴ ግማሹን ከፍሎ ቀሪውን “በሚቀጥለው” ይላል። አሁን ደግሞ “የፋብሪካ ክር ቀላቅሉበት፤ ቶሎ ይደርሳል፣ እኔም ብዙ እወስዳለሁ” አለን። ለክሩ መግዣ እንበደር የሚሉ አሉ። እኔ ፈራሁ። ባሌም “የሴት ወሬ ማሞቂያ ነው” እያለ ያሾፋል። ምን ይሉኛል?

ፈታይዋ

እህቴ፣ መፍራትሽ ደግ ነው። በዱቤ ለሚወስድ ሰው ብላችሁ ከተበደራችሁ፣ ያበደራችሁት እናንተ ናችሁ። ወለዱም የእናንተ ነው።

የፋብሪካ ክር አዲስ አበባ ሞልቷል። ሰውዬው ያን ሁሉ ዳገት የሚወጣው ለፀጉሩ ነው። የመንዝ በግ ፀጉር ሸካራ ነው፤ ሹራብ ቢሠሩበት ገላ ይበላል። ለምንጣፍ ግን ጥቅሙ ሸካራነቱ ነው፤ ቢረግጡት ቶሎ አያልቅም። ጥቁሩም ነጩም ቡናማውም ከበጉ ጀርባ ስለሚገኝ ማቅለሚያ አትገዙም። ይህን ከቀላቀላችሁት ምን ቀራችሁ?

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ዋጋ ስታወጡ ፈተላውን ትቆጥሩታላችሁ? ብዙ ጊዜ የሚደመረው የፀጉሩ ዋጋና የሸማኔው ክፍያ ብቻ ነው። ማጠቡ፣ በደጋን መንደፉ፣ በእንዝርት መፍተሉ “ማታ እሳት ዳር የሚሠራ” ተብሎ በነፃ ያልፋል። አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ግን ስንት ፈታይ እንደሚያስፈልግ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ለቀጣዩ ምንጣፍ ማን ስንት ቀን እንደሠራች ደብተር ላይ አስፍሩ። ከዚያ በአካባቢያችሁ የቀን ሥራ በሚከፈለው ሒሳብ አስሉት። ድምሩ ያስደነግጣችኋል።

ነጋዴው ያለበትን ሳይከፍል ሌላ አትስጡት። ቢያኮርፍ ያኩርፍ። በጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጡ እንግዶች አሉላችሁ፤ ሻንጣ የምትገባ ትንሽ ምንጣፍ ሠርታችሁ ሞክሯቸው። ትልቁን ማን ተሸክሞት ይሄዳል?

የገቢ ክፍፍሉንም ከአሁኑ በጽሑፍ አድርጉት። ጓሳን በቀሮ ሥርዓት፣ የሣሩን አጠቃቀም በጋራ እየወሰነ፣ ሲጠብቅ ለኖረ አገር ደንብ ማውጣት ብርቅ አይደለም። ባልሽ ያሹፍ። ደብተሩን ግን እሱ ጋ አታስቀምጪ።