መልስ፦ ልምድም ተያዥም ሳይኖረኝ በኤጀንሲ ሥራ አገኛለሁ?

እህቴ፣ በአካውንቲንግ ተመርቀሽ አንድ ዓመት መቀመጥሽ ሳያንስ ኤጀንሲው «ልምድና ተያዥ አምጪ፣ መመዝገቢያም ክፈይ» ማለቱ በጣም አናደደኝ። ብሩን እንዳትሰጪ! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ ኤጀንሲ ከሥራ ፈላጊ ክፍያ መቀበል አይችልም። ፈቃዱንም አሳዩኝ በይ።

ልምድ የለኝም ያልሽውን ግን አልቀበልም። እኔም ስመረቅ እንዳንቺው ነበርኩ። ሲቪዬ ላይ የአክስቴን ሱቅ የዱቤ ደብተር ሁለት ዓመት መያዜን ጻፍኩ፤ ማን ስንት እንዳለበት፣ በወር ስንት እንደሚሰበሰብ ሁሉ። የኤጀንሲዋ ሴትዮ ሌላውን ገጽ ዘላ ስለ ደብተሩ ብቻ ጠየቀችኝ፤ በሳምንቱ ለካሸርነት ላከችኝ። ካሸርነት ለዲግሪ ያንሳል አትበይ፣ የመጀመሪያው የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ተያዥ፣ ማለትም ዋስ የሚሆንሽ፣ ደመወዝተኛ ሰው ነው የሚፈለገው፤ እሱን ከዘመድ ጠይቂ። ስለ ሥራሽ ለመመስከር ግን አፓረንት (የተግባር ልምምድ) የወጣሽበት ቦታ አለቃሽ ይሻላል፤ ስልኩን ከመስጠትሽ በፊት ግን አስፈቅጂው። ስትቀጠሪ ደግሞ የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ውሉን አንብቢ።