ነርሷ ሳታየው በስልክ ምን ታውቃለች?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የሦስት ዓመት ልጄን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሰውነቱ እንደ እሳት ሲፋጅ አገኘሁት። ስለካው 39.6 ሆነ። ባለቤቴ የሌሊት ሥራ ላይ ነበር፤ ብቻዬን ይዤው ኢመርጀንሲ ሮጥኩ። አምስት ሰዓት ጠብቀን ታይለኖል (የትኩሳት ማስታገሻ) ሰጥተው መለሱን። ከዚያ የመጣው ቢል አስደነገጠኝ። ጓደኛዬ «መጀመሪያ ነርስ ላይን (ነርስ በስልክ የምታማክርበት መስመር) ነበር መደወል» አለችኝ። ልጁን ያላየች ነርስ ምን ልታውቅ ትችላለች? እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው።
የአንድ ልጅ እናት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ

መልስ፦ እህቴ፣ ይዘሽው በመሮጥሽ አትጸጸቺ። የእናት አንጀት ነው።

እኔ በስልክ የምሠራ ነርስ ነኝ። ፊቴ ያለው ኮምፒውተር ላይ ሐኪሞች ለየሕመሙ ያዘጋጁት ጥያቄ አለ፤ ከከባዱ ይጀምርና ወደ ቀላሉ ይወርዳል። ለዚህ ነው ገና ከመጀመሪያው «እንዴት ነው አተነፋፈሱ? ስትጠሪው ይነቃል?» የምንለው። «ትኩሳት ነው እኮ ያልኩሽ!» ብለው የሚቆጡኝ እናቶች አሉ፤ አልፈርድባቸውም።

ልጁን የማየው በእናቱ ዓይን ነው። አንድ ሌሊት የደወለችልኝን እናት «መብራት አብሪና ልብሱን ከደረቱ ላይ ግለጪው፤ ሲተነፍስ በጎድኑ አጥንቶች መሃል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል?» አልኳት። «አዎ፣ ይሰረጉዳል» አለች። ስልኩን ወደ አፉ ስታስጠጋው ሲር ሲር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው ወደ ድንገተኛ ጥሪው 911 አስደወልኳት። የዚያ ልጅ ትኩሳት 38 እንኳን አልሞላም ነበር። በዚያው ሌሊት 40 የደረሰ ሌላ ልጅ ግን ከእናቱ ጋር ስንነጋገር ከኋላዋ «ውሃ ስጪኝ» እያለ ይነጫነጭ ነበር። እሱ እቤቱ አደረ፤ ጠዋት የራሱ ሐኪም አየው። ከቴርሞሜትሩ ቁጥር ይልቅ የልጁን ሁኔታ የምንጠይቀው ለዚህ ነው።

አንድ ቁጥር ግን አጥብቀሽ ያዢ፤ ከሦስት ወር በታች ያለ ሕፃን 38 ዲግሪ ከደረሰ በቀጥታ ኢመርጀንሲ ነው። በየትኛውም ዕድሜ ያለ ልጅ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ አልነቃ ካለ፣ ወይም መተንፈስ ካቃተው ነርስ አትፈልጊ፤ 911 ደውዪ።

ስለ ቋንቋው አትጨነቂ። ስልኩ እንደተነሳ «አምሃሪክ» በያቸው፤ አስተርጓሚ መስመር ላይ ይገባል፣ አንቺ አትከፍዪም። ዲሲ ውስጥ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አለ፤ አማርኛም ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ደግሞ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እዚህ ከተማ 911 ደውለሽ ጉዳዩ ለሕይወት የማያሰጋ ከመሰላቸው ወደ ነርስ ሊያስተላልፉሽ ይችላሉ። ንቀውኝ ነው ብለሽ እንዳትዘጊው።

ቢሉን ከመክፈልሽ በፊት ዝርዝሩን ጠይቂ። ሆስፒታሉ ለትርፍ የማይሠራ ከሆነ የክፍያ ዕርዳታ መመሪያ እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል፤ ማመልከቻውን አስልኪ።

የብዙ ኢንሹራንስ ነርስ ላይን ቁጥር ካርዱ ጀርባ ላይ ተጽፏል። ዛሬውኑ ስልክሽ ላይ መዝግቢው። የልጅሽንም ክብደት ጽፈሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፊ፤ የታይለኖሉ መጠን የሚሰላው በክብደቱ ስለሆነ ነርሷ መጠየቋ አይቀርም።