ዘንድሮም ቀለሙ ተቀየረ፦ ጥያቄና መልስ ከባለመቀሱ ጋር

ባለመቀሱ፦ ነሐሴ ከገባ ጀምሮ በሱቄ ደጃፍ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ሰላምታውን ትቶ «ጋሼ፣ ዘንድሮ የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ቀለም ምን ሆነ?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ በር ላይ ቆሜ ከምመልስ፣ ሁላችሁም እዚህ ጠይቁኝና ልገላገል። ጎንደር ውስጥ ከስፌት መኪና ፊት ከተቀመጥሁ 31 ዓመት ሆነኝ። የማውቀው ጨርቅ፣ ልክ፣ ቅድና ስፌት ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሥራ አላውቅም፤ አትጠይቁኝ። ከሁሉ በፊት ግን ይህንን ያዙልኝ፦ ከትምህርት ቤቱ የተቆረጠ የጨርቅ ናሙና በእጃችሁ ሳትይዙ አንድ ሜትር እንኳ አትግዙ።

የሦስት ልጆች እናት (ማራኪ)፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ሦስት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ 2ኛ፣ 5ኛ እና 7ኛ ክፍል ናቸው፤ የሚማሩት በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በአንድ ግቢ ነው። እስካሁን ግራጫ ሱሪና ሰማያዊ ሸሚዝ ነበር። አሁን ሱሪው አረንጓዴ፣ ሸሚዙ ክሬም ይሆናል ተብለናል። የትልቁ ሱሪ ለመካከለኛው ታጥቦ ተቀምጦ ነበር። ምን ያህል ጨርቅ ይበቃኛል? ወጪውንስ በምን ላቅልለው?

ባለመቀሱ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥያቄ እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል፤ ክፍልም፣ ቀለምም፣ ቁጥርም አለው።

ሰው የዩኒፎርም ለውጥ ሲባል የሚያስበው የአንድ ሱሪና የአንድ ሸሚዝ ዋጋ ነው። ጉዳቱ ግን እዚያ ላይ አይደለም። በአንቺ ቤት እስካሁን አዲስ የሚሰፋለት ትልቁ ብቻ ነበር። የእሱ ለመካከለኛው፣ የመካከለኛው ለታናሹ ይወርዳል። በደንብ የተሰፋ አንድ ሱሪ ሦስት ልጅ ያስተምራል ማለት ነው። ቀለሙ ሲቀየር ያ ሰንሰለት በአንድ ቀን ይበጠሳል፤ በአንድ መስከረም ሦስት ሙሉ ልብስ ታሰፊያለሽ፣ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠውም የወለል መወልወያ ይሆናል። ስለዚህ ቀለም ሲቀየር ብዙ ልጅ ያለው ቤት የሚከፍለው የአንድ ልጅ ቤት ከሚከፍለው ጋር አይወዳደርም። ይህንን ስብሰባ ላይ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ጨርቁ ስንመጣ፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ50 በሆነ ጨርቅ ለ7ኛ ክፍሉ ሱሪ 1 ሜትር ከ10፣ ለ5ኛው 1 ሜትር፣ ለትንሹ 85 ሳንቲሜትር ግድም ያስፈልጋል። ሲደመር ሦስት ሜትር አካባቢ ነው። ነገር ግን ሦስቱን ለየብቻ አታስቀድጂ። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጥቅል፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀደዱ። የትልቁ እግር ከተነጠፈ በኋላ በጎኑ ረጅም ቁራጭ ይተርፋል፤ የትንሹ ኪስና ወገብ ከዚያ ይወጣል። ልብ ያለው ቀዳጅ ከ30 ሳንቲሜትር ያላነሰ ያተርፍልሻል። ያንን ትርፍ ለሰፊው አትተዪለት፤ ለጉልበት መጣፊያ ትፈልጊዋለሽ።

ዋናው ደግሞ እጥፋቱ ነው። ልጅ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ያድጋል፤ ግማሽ ያህሉ በእግሩ ነው። ከሱሪው ግርጌ 7 ሳንቲሜትር ታጥፎ ከተሰፋ፣ በየዓመቱ እየተፈታ ሁለት ዓመት ያስኬዳል። ወገቡም ከኋላ 4 ሳንቲሜትር የስፌት ትርፍ ይኑረው። «በልኩ ይሁንልኝ፣ እንዲያምርበት» የምትሉ ወላጆች አላችሁ። ያምርበታል፤ እስከ ጥር ድረስ።

አባት ከአዘዞ፦ ግን ለምንድን ነው በየጊዜው የሚቀያየረው?

ባለመቀሱ፦ የቀየረውን ጠይቅ። እኔ ያለኝ መቀስ ነው፣ ማኅተም የለኝም።

መምህር ነኝ፦ እኔ ልመልስ። ያለ ምክንያት አይቀየርም። የእኛ ትምህርት ቤት ቀለም ከጎረቤቱ ጋር አንድ ዓይነት ስለነበር፣ የእኛ ተማሪ ያልሆነ ወጣት በእረፍት ሰዓት ገብቶ ይውል ነበር። ዘበኛው በምን ይለይ? በዚያ ላይ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት ተሰብስቦ የወሰነው ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦ መምህር፣ ስብሰባው የተጠራው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እኔ ቅዳሜ ገበያ እቃዬን ዘርግቼ የምውል ሰው ነኝ። ማን ተገኝቶ ወሰነልኝ?

መምህር ነኝ፦ በሥራ ቀን ስንጠራ ደግሞ «ሥራ ላይ ነን» ትላላችሁ። መቼ እንጥራ?

አባት ከአዘዞ፦ በአዲስ አበባ ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ዩኒፎርሙን ከከተማው አስተዳደር በነፃ ያገኛል። እኛስ የማን ልጆች ነን?

አራዳ ሰፈር፦ የአዲስ አበባ በጀትና የጎንደር በጀት አንድ ነው?

አባት ከአዘዞ፦ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ትምህርት ነፃ ነው ብሎ የለም እንዴ?

አራዳ ሰፈር፦ ነፃ የተባለው የትምህርት ክፍያው ነው። ልብስ የሚል የለበትም።

አባት ከአዘዞ፦ ልብሱን ካልለበሰ ከበር የሚመለስ ልጅ ታዲያ ምን ዓይነት ነፃ ትምህርት ነው የሚማረው?

ባለመቀሱ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። አሁን ግን ወደ ጨርቃችን እንመለስ፤ ይህ ክርክር ሱሪ አያወጣም።

አዲስ ወላጅ፦ ጋሼ፣ ስለ ዩኒፎርም በአጠቃላይ ምን ይመክሩናል?

ባለመቀሱ፦ ምን ልምከር? እንድታለብሱ? የሚጠየቅ ነገር ይዛችሁ ኑ።

ቀበሌ 18፦ ቅዳሜ ገበያ አረንጓዴ ጨርቅ በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ። ሰው ሳይሻማበት ዛሬ ብገዛ ምን ይመስልዎታል?

ባለመቀሱ፦ ናሙና አለህ? ከሌለህ አትግዛ። «አረንጓዴ» ማለት ቀለም አይደለም። በእኔ መደርደሪያ ላይ ብቻ ዘጠኝ አረንጓዴ አለ፤ የቅጠሉ አለ፣ የጠርሙሱ አለ፣ የወታደሩ አለ። ባለፈው ለውጥ ጊዜ «ቡናማ» ተብሎ ግማሹ ወላጅ የቡና ቀለም፣ ግማሹ የሸክላ ቀለም ገዝቶ፣ መስከረም ላይ ሰልፉ የሁለት ትምህርት ቤት ይመስል ነበር። የሸክላው ወገን ድጋሚ ገዛ።

ሌላም አለ። አንድ ቀለም የተባለው እንኳ ከጥቅል ጥቅል ይለያያል፤ ፋብሪካ ውስጥ በተለያየ ቀን የተነከረ ስለሆነ። ለሱሪም ለመጣፊያም ከአንድ ጥቅል አስቆርጡ። ናሙናውን ደግሞ ወደ ደጅ አውጥታችሁ በቀን ብርሃን አስተያዩት። በሱቅ አምፖል ሥር ሁሉም ይመሳሰላል።

ጀማሪ ሰፊ፦ ጋሼ፣ ጨርቁ ጥሩ መሆኑን ወላጅ በምን ይወቅ? ሻጩ ሁሉ «ንጹህ ጥጥ ነው» ይላል።

ባለመቀሱ፦ ልጄ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የዋልኩት።

መጀመሪያ፣ ንጹህ ጥጥ ለትምህርት ቤት ሱሪ አይፈለግም። ይጨማደዳል፣ ይሸበሸባል፣ ጉልበቱም ቶሎ ይሳሳል። ንጹህ ፖሊስተር ደግሞ አይጨማደድም እንጂ በፀሐይ ያፍናል፣ በታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ደግሞ አያሞቅም፤ ልጆቹም ሲሮጡ ያንጣጣባቸዋል። የሚበጀው ቅይጡ ነው። 65 እጅ ፖሊስተርና 35 እጅ ጥጥ የሆነው ብዙ ዘመን ያገለገለ ድብልቅ ነው።

ሻጩን አትመን፣ ክሩን ጠይቅ። ከጨርቁ ጫፍ አንድ ክር ምዘዝና ክብሪት ለኩስበት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ በጣት ሲነካ የሚበን ዐመድ ይሆናል። ፖሊስተር እየቀለጠ ይሰበሰብና እንደ ጥቁር ዶቃ ይጠጥራል። ቅይጡ ሁለቱንም ያሳያል፤ ዐመድም አለው፣ በውስጡም ጠጠር። ከዚያ ነጭ ጨርቅ አርጥብና አዲሱን ጨርቅ ፈትገው። ነጩ ከቀለመ፣ ያ ሱሪ መጀመሪያ በታጠበ ቀን ሸሚዙንም ይዞት ይጠፋል። በመጨረሻ በጡጫህ ጨምቀህ እስከ ሃያ ቁጠርና ልቀቀው፤ እንደተጨማደደ ከቀረ ለልጅ አይሆንም።

ጥጥ የበዛበትን ጨርቅ ደግሞ ሳትነክሩ አታስቀድዱ! አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ይደር፣ ይድረቅ፣ ይተኮስ፣ ከዚያ ይቀደድ። በየዓመቱ እናገራለሁ፤ በየዓመቱም ጥቅምት ላይ «ጋሼ፣ ሱሪው አጠረ» የሚል ሰልፍ በሬ ላይ ነው።

እኔም እናት፦ የነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ቢጫ እየሆነ አስቸገረኝ። በረኪና ባደርግበትስ?

ባለመቀሱ፦ ፖሊስተር ያለበትን ጨርቅ በረኪና ይብሱን ቢጫ ያደርገዋል፣ ክሩንም ይበላዋል። ኮሌታውን ማታ በሳሙና አሽተሽ አሳድሪው። ሲሰጣም ተገልብጦ ይሁን።

ጠዳ፦ ጨርቅ ለምን ይህን ያህል ተወደደ? ነጋዴው ነው ወይስ መንግሥት?

ባለመቀሱ፦ ነጋዴም መንግሥትም አይደለሁም። የማውቀውን ልንገርህ። የምንሰፋው ጨርቅ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዚፑም፣ ቁልፉም፣ ክሩም አብሮ ወጣ። የእጅ ዋጋዬን ግን ደንበኛ ሁሉ የአምናውን ነው የሚያውቀው።

አራዳ ሰፈር፦ ባሕር ዳርና ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እያለ ለምን ከውጭ?

ባለመቀሱ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለእኔ ግን አይደለም።

ወጣት እናት፦ ሴቶች ልጆች ሱሪ እንዲለብሱ ቢፈቀድ አይሻልም? ለወንድሞቻቸውም ይወርድ ነበር።

መምህር ነኝ፦ ይህ ሌላ ክርክር ያስነሣል።

አራዳ ሰፈር፦ ባህላችን...

ባለመቀሱ፦ እዚህ አይነሣም። ሱሪም ቀሚስም እሰፋለሁ፤ የሁለቱም እጥፋት 7 ሳንቲሜትር ነው።

ቀሃ፦ የድሮውን ሹራብ ቀለም ነክሮ መቀየር ይቻላል?

ባለመቀሱ፦ አይቻልም፤ ምክንያቱን ላስረዳ። አምና አንዲት እናት ወይን ጠጅ ሹራብ ይዛ መጣች። ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ አንገቱ እንዳይጎብጥ ጋዜጣ ገብቶበታል። አንድ ዓመት ብቻ የተለበሰ ነው። «አረንጓዴ አድርግልኝ» አለችኝ። ሹራቡ አክሪሊክ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚነከር ቀለም አይዘውም። ቢይዘውም ወይን ጠጅ ላይ አረንጓዴ ሲጨመር ጭቃ የመሰለ ነገር ነው የሚወጣው። ነገርኳት። ጋዜጣውን መልሳ አስገብታ፣ አጥፋ ይዛው ሄደች። እኔ በዚያ ሳምንት ሠላሳ አዲስ ልብስ ተቀብዬ ነበር። እንዲያው እውነቱን ለመናገር፣ ቀለም በተቀየረ ዓመት የምጠቀመው እኔ ነኝ። እንጀራዬ ነው። ቢሆንም የዚያች ሴት ነገር አልወጣልኝም።

መምህር ነኝ፦ ታዲያ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? የዘበኛው ችግር እውነት ነው።

ባለመቀሱ፦ መምህር፣ አሁን ጠየቁኝ። ተማሪውን ከሌላው ለመለየት ሱሪ አይቀየርም። መዳፍ የምታህል አርማ ደረት ኪስ ላይ ትሰፋ፤ ወይም የኮሌታው ጠርዝ በሁለት ጣት ስፋት ሌላ ቀለም ይሁን። ከቁራጭ ጨርቅ ይወጣል፤ አንድ ሰፊ በቀን ብዙ ያደርሳል። ዘበኛውም ከሩቅ ያየዋል።

ግድ መቀየር ካለበት ደግሞ ከታች ይጀመር። በዚህ መስከረም 1ኛ ክፍል የሚገባው ብቻ አዲሱን ይልበስ፤ ሌላው የያዘውን ይጨርስ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃ 6 ዓመት ነው፤ በ6 ዓመት ውስጥ ማንም ሳይጎዳ ይጠናቀቃል። ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ ቢጀመር 4 ዓመት ይበቃዋል። ሰልፉ ለጊዜው ዝንጉርጉር ይሆናል። ይሁን፤ ልጆች ናቸው፣ የክብር ዘብ አይደሉም።

መምህር ነኝ፦ የአርማውን ነገር ለኅብረቱ አቀርበዋለሁ። ለዘንድሮ ግን ውሳኔው አልፏል።

ባለመቀሱ፦ ለከርሞም ቢሆን ያቅርቡት። ስብሰባውን ቅዳሜ ብቻ አያድርጉት።

አባት ከአዘዞ፦ የተዘጋጀ ልብስ ይሻላል ወይስ ማሰፋት?

ባለመቀሱ፦ ገልብጠህ ውስጡን እይ። እጥፋቱ ሁለት ሳንቲሜትር ከሆነ፣ ስፌቱም ጫፉ ላይ ከሆነ፣ ለአንድ ዓመት ነው የምትገዛው። ዋጋው ግማሽ ካልሆነ አያዋጣም። «ከዚህ ሱቅ ብቻ ግዙ» ያላችሁ ካለ ደግሞ ናሙናውን ተቀበሉና ሌላ ቦታም ጠይቁ።

ሰላም ለሁላችሁ፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። የዘንድሮው ቀለም ምን ሆነ?

ባለመቀሱ፦ ከላይ አንብቢ።

ሰላም ለሁላችሁ፦ አረንጓዴ ነው ሲባል አየሁ፣ ልግዛ?

ባለመቀሱ፦ ናሙና! ናሙና! ናሙና!

የሦስት ልጆች እናት፦ ጋሼ፣ ናሙናውን ዛሬ ከትምህርት ቤቱ ተቀበልሁ። የጠርሙሱ አረንጓዴ ይመስለኛል። ሦስቱንም በአንድ ቀን ይቀድዱልኛል?

ባለመቀሱ፦ እቀድዳለሁ። ሦስት ሜትር ግዢና ነገ ማታ ንከሪው። ሐሙስ ከሰዓት ልጆቹን ይዘሽ ነይ፤ መስከረም የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው ይምጡ። ሱሪ በባዶ እግር አይለካም።